በሰው ገንዘብ የተሰጠ ምጽዋት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? በወጣትነቴ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ስሠራ ከዕለቱ ሽያጭ እየቆነጠርኩ ለራሴ አስቀምጥ ነበር። የራሴን ሱቅ የከፈትኩትም በዚያው ገንዘብ ነው። አጎቴ እስከ ዛሬ አያውቁም። አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመልሻለሁ። አስራት አወጣለሁ፣ ምንጣፍ አስገብቻለሁ፣ ነዳያን አበላለሁ። ይህ አይበቃም? ወይስ የግድ ለእሳቸው መመለስ አለብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አዎ፣ ለአጎትህ መመለስ አለብህ። ምክንያቱን ከሉቃስ ወንጌል እንየው። አንተ የቆምክበት ቦታ ላይ ዘኬዎስ ቀድሞህ ቆሞ ነበርና።

ምዕራፍ 19ን ክፈት። ዘኬዎስ በኢያሪኮ የቀራጮች አለቃ ነው። በዚያ ዘመን ቀራጭ ለሮማውያን የሚገባውን ያስገባል፤ ከሰው ላይ አስጨንቆ የሚወስደው ትርፍ ደግሞ የራሱ ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮችን «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» ያላቸው ለዚህ ነው። ወንጌላዊው ዘኬዎስ ባለጠጋ እንደነበረ ይነግረናል። ሀብቱ ከማን ኪስ እንደወጣ የኢያሪኮ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ይህ ሰው ቁመቱ አጭር ስለነበር ጌታን ለማየት ሾላ ላይ ወጣ። ጌታም ቀና ብሎ በስሙ ጠራው፤ ዛሬ ቤትህ እውላለሁ አለው። እዚህ ላይ ቆም በል። «መጀመሪያ የቀማኸውን መልስ፣ ከዚያ እገባለሁ» አላለውም። ሕዝቡ እያጉረመረመ ገባለት። ስለዚህ አንተም ገንዘቡን የምትመልሰው የእግዚአብሔርን ይቅርታ ለመግዛት አይደለም። ይህን ካልያዝክ ቀሪው ሁሉ የዕዳ ስሌት ብቻ ይሆንብሃል።

ዘኬዎስ ግን ጌታ ቤቱ ከገባለት በኋላ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ቆሞ ሁለት ነገር ተናገረ። ካለው እኩሌታውን ለድሆች ይሰጣል። በሐሰት ከስሶ የወሰደበት ሰው ካለ ደግሞ አራት እጥፍ ይመልሳል። ምጽዋቱ ለድሃ፣ ካሣው ለተበደለው። «ለድሆች ስለሰጠሁ የበደልኩት ሰው ይቅርብኝ» አላለም። አንተ የሳትከው እዚህ ጋ ነው።

አራት እጥፍ የሚለው አያስደንግጥህ። ኦሪት ዘጸአት በግ ሰርቆ ላረደ ሰው የወሰነችው ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ደግሞ ኃጢአቱን የሚናዘዝ ሰው ዋናውን ከአምስተኛ እጁ ጋር ይመልሳል ይላል። ዘኬዎስ ከባዱን በራሱ ላይ ፈረደ። አንተን ያን ያህል አምጣ የሚልህ የለም። ዋናው ግን ድርድር የለውም።

አስራትህንም ምንጣፍህንም እያጣጣልኩብህ አይደለም። ነገር ግን በአጎትህ ገንዘብ አንተ ቸር ልትሆን አትችልም። ጌታ በማቴዎስ 5 መባ ይዞ የመጣውን ሰው እንኳ፣ ወንድሙ የተቀየመበት ነገር ካለ መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዞታል።

እንግዲህ መጀመሪያ ለንስሐ አባትህ ሳትደብቅ ንገራቸው። ገንዘቡን አስላ፤ ልኩን ካላስታወስክ ግምቱን ለራስህ ሳይሆን ለአጎትህ አድላ። ባንድ ጊዜ ካልቻልክ እየቆራረጥክ ክፈል። አጎትህ በሕይወት መኖራቸው ለአንተ ትልቅ ጸጋ ነው፤ አርፈው ቢሆን ለልጆቻቸው ነበር የምትመልሰው።

ስሜ ሳይጠራ በካህን እጅ ልላከው ትል ይሆናል። ነገሩ ቤተሰብ የሚበትን ከሆነ ንስሐ አባትህ ይፈቅዱልህ ይሆናል። እኔን ከጠየቅከኝ ግን ራስህ ሄደህ እግራቸው ላይ ብትወድቅ ይሻላል። ብቻህን ከፈራህ የሚሰሟቸውን አንድ ሽማግሌ ይዘህ ሂድ። ቢቆጡ ቻል፤ መቆጣት መብታቸው ነው።

ደግሞ ዕዳውን እስክጨርስ ብለህ ነዳያንን ማብላቱን እንዳታቆም። ከራስህ ድካም ካገኘኸው፣ ትንሽም ቢሆን፣ አብላ። እነሱ ምን በደሉ?