ሸራ የለበሰው ቶርኖ

ልጆቼ፣

ባለፈው እሁድ የጎረቤቴ ልጅ ቡና ልትጠጣ መጥታ ነበር። አቦሉን ጨርሳ ስኒዋን ስታስቀምጥ፣ «እትዬ፣ የኮሌጃችን ቦርድ ውስጥ የሠልጣኞች ተወካይ ሆኛለሁ። የሒሳብ ሪፖርት ሲቀርብ ካልገባኝ ዝም ልበል?» አለችኝ። «ቶናውን ልቅዳልሽ» ብዬ ነገሩን አዞርኩት። ከሄደች በኋላ ግን ሰውነቴ አላረፈም። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚሁ ሐዋሳ በሒሳብና በውስጥ ኦዲት ሥራ ነው። በ2005 የአንድ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ቦርድ አባል ነበርኩ። የኮሌጁን ስም አላነሳም። ከተማችን ያኔ የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች፤ ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012 ነው። ስለዚህ ከያኔዎቹ የቦርድ አባላት ብዙዎቹ ዛሬ የት እንዳሉ እንኳ አላውቅም።

ወሩ ሰኔ ነው። መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ሰኔ ምን እንደሆነ ያውቃል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከመንግሥት ካዝና የተመደበ ብር እስከዚያ ካልወጣ ተመላሽ ነው። «ገንዘብ መለሰ» መባልን ደግሞ ማንም ኃላፊ አይወድም፤ ለከርሞ የሚጠይቀው በጀት ይቀነስበታላ። ዓመቱን ሙሉ እስክሪብቶ የተቸገረ ቢሮ በሰኔ ወንበር በወንበር ይሆናል።

ስብሰባው የተጠራው ለስምንት ሰዓት ነበር፣ የተጀመረው ዘጠኝ ተኩል። ሰብሳቢያችን ትልቅ ባለሥልጣን ነበሩ፣ ሹፌራቸው ከመስኮቱ ሥር ሞተር ሳያጠፋ ይጠብቃል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርስ አንሰማማም። ዘጠኝ አጀንዳ ነበረን። ስለ ማታው ክፍለ ጊዜ ክፍያ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከርን፤ ስለ አጥሩ በር ቀለም እንኳ ሁለት ሰው ሐሳብ ሰጠ። መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ» ተባለ።

የዓመቱ ትልቁ ገንዘብ የመጣው በዚህ «ልዩ ልዩ» በኩል ነው። ዲኑ፣ ከአዲሱ ወርክሾፕ ግንባታ የካፒታል በጀት ተርፏል፣ ተዛውሮ ቶርኖ ማሽን፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው፣ ይገዛበት አሉ። ጨረታው ቀደም ብሎ ወጥቶ በገንዘብ እጥረት የቆመ ስለሆነ አቅራቢው ዝግጁ ነው፣ ከሰኔ 30 በፊት ይደርሳል። ሠንጠረዡ ፊቴ ነበር፦ የተፈቀደ በጀት፣ ሥራ ላይ የዋለ፣ ቀሪ። ዓይኔ እንደ ልማዱ ወደ «ቀሪ» ሄደ። ብሩ የተረፈው ከአንድ መደብ ነው። መደቡ «የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ» ይላል፤ ሥራ ላይ የዋለው ባዶ ነው።

ገባችሁ? አዲሱ ወርክሾፕ ስሪ ፌዝ፣ ትልልቅ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ መስመር፣ አልገባለትም ማለት ነው። ቶርኖው የሚሠራበትን መስመር ብር አንስተን ቶርኖ ልንገዛበት ነው።

ጥያቄው ምላሴ ላይ ነበር። ከአራት ቃል አይበልጥም፤ «በምን መብራት ነው የሚሠራው?» ማለት ብቻ ነው። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። ከጎኔ የተቀመጡት መምህር ወረቀታቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተዋል። እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ትምህርት ቤት የምትጠብቀኝ ልጅ ነበረችኝ፤ ደግሞ «ይቺ ኦዲተር ሁሌ እንደጎተተች» መባሉ ታክቶኛል። ዝም አልኩ። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ይላል፣ ፊርማዬ ከታች ሦስተኛው ነው።

ማሽኑ ሰኔ 28 ገባ፤ ንብረት ክፍሉ በሞዴል 19፣ በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ተረከበ። ጨረታው፣ ውሉ፣ የርክክብ ሰነዱ ሁሉም ተሟልቷል። ኦዲተር መጥቶ መረመረ፣ አንድም ግኝት አልነበረውም። እኔ ብሆንም አላገኝም ነበር። የሰረቀ ሰው የለማ!

ከሁለት ዓመት በኋላ ለምርቃት ሄጄ፣ እግሬ ጎትቶኝ ወደ ወርክሾፑ ጎራ አልኩ። ቶርኖው አረንጓዴ ሸራ ለብሶ ጥግ ይዟል። ሸራው ላይ የሠልጣኞች ደብተርና ግማሽ ዳቦ ተቀምጧል። ገለጥ ሳደርገው የፋብሪካው ግራሶ ተጋግሮ ደርቋል፣ እጀታዎቹ ከነላስቲካቸው ናቸው። አንዲት ሠልጣኝ፣ «እትዬ ይጠንቀቁ፣ አቧራ አለው» አለችኝ። ሠርተሽበት ታውቂያለሽ ወይ ስላት ሳቀች። ከፊት ለፊታችን ባለው ሰሌዳ ላይ ቶርኖ በቾክ ተሥሏል፣ ክፍሎቹ በቀስት ተለይተው። ልጆቹ ከበስተኋላቸው የቆመውን ማሽን ትተው ሥዕሉን ሲያጠኑ ከርመዋል።

ያቺን ልጅ በኋላ አግኝቻታለሁ። በ2008 መጨረሻ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ገብታ ልብስ ትሰፋለች። ሥራው አይናቅም፤ እሷም አላማረረችም። ለልብስ ስፌት ግን ቶርኖ መማር አያስፈልጋትም ነበር።

እናቴ የሴቶች ዕድር ነበራት፣ አቶቴ ሰፈር። በወር አንዴ ሲሰበሰቡ አጅቤያት እሄድ ነበር። ገንዘብ ያዥዋ ቆማ ታነባለች፤ ፊደል ያልቆጠሩት እማማ ይቆጥራሉ። «ባለፈው አሥራ ሁለት ብርጭቆ ነበረን፤ አሁን አሥር አልሽ። ሁለቱስ?» መልሱ እስኪገኝ ማንም ንቅንቅ አይልም፣ የመሸበትም ይመሽበታል። እኛ ዲግሪ የያዝነው ሰዎች ያን ያህል አልጠየቅንም።

እንግዲህ ልጄ፣ ካልገባኝ ዝም ልበል ወይ ብለሽኝ ነበር። ያን ቀን ያልገባው ሰው አይደለም ዝም ያለው። የገባኝ እኔ ነኝ።

የቦርድ ሥራ ዕቅድና በጀት ማጽደቅ፣ የውስጥ ገቢው በምን መመሪያ እንደሚወጣ መወሰን፣ ሪፖርት መስማት ነው። ይሄን መቋቋሚያ ደንቡ ላይ ታገኙታላችሁ፤ አንብቡት፣ እኔ አልደግመውም። ኦዲተር ካለፈ በኋላ «ሕጉን ተከትሏል?» ይላል። ቦርድ ግን ሳይወጣ በፊት «ይሄ ለልጆቹ ምን ያደርጋል?» ካላለ ሌላ የሚል የለም። «ቀሪ» የሚለውን ዓምድ ስታዩ ብሩ ከየት እንደተረፈ ጠይቁ፤ ያልተሠራ ነገር ሊኖር ይችላል። «ተሰብሳቢ ሒሳብ»ንም፣ ኮሌጁ ከሰው ላይ ያለውን ገንዘብ፣ እዩ። ቁጥሩ በሁለት ሩብ ዓመት ሳይነቃነቅ ከቀረ፣ ቅድሚያ ወስዶ ያላወራረደ ሰው ሊኖር ይችላል።

በዲኑ የዕለት ሥራ ግን እጃችሁን አታስገቡ። ማን ይቀጠር፣ ከየትኛው ሱቅ ይገዛ ማለት የቦርድ አይደለም፤ በዚህ የተበላሸ ቦርድ አይቻለሁ። እርግጥ እኔም ያን ሸራ የገለጥኩት ማንንም ሳላስፈቅድ ነው። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው እየጨቀጨቅኩ መስመሩ እንዲገባ ያደረግኩትም እንዲሁ ድንበር እያለፍኩ ነው። ስለዚህ... እናንተው መዝኑት።

አንድ ነገር ግን ታናድዱኛላችሁ። የስብሰባ ሰነድ ሲሰጣችሁ በስልክ ፎቶ ታነሱና ያነበባችሁ ይመስላችኋል። ፌስቡክ ላይ አገር ታቃጥላላችሁ፣ አዳራሽ ስትገቡ ድምፃችሁ ይጠፋል። በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም ልል ነበር፤ ግን አሁን የነገርኳችሁ ስለ ማን ሆነና።

ቀጣዩ ስብሰባሽ ሐሙስ ነው ብለሽኛል። ረቡዕ ማታ ሰነዱን በወረቀት አሳትመሽ ነይ፤ የስልኩ ጽሑፍ አይታየኝም። ቡናውን እኔ አፈላለሁ። ከ«ልዩ ልዩ» ጀምረን ወደ ላይ እናነባለን።