የቁጥር 3 ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ብቻ ስለወረደ ሞተሩ አልቋል ማለት አይደለም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። በፈረንጆች የ1967 ቮልስ፣ 1300 ሞተር፣ አዲስ አበባ የሚነዳ። ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ጉልበት የለውም። መካኒኩ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር አምቆ የሚፈጥረውን ግፊት) ለክቶ ከቁጥር 1 እስከ 4 በተራ 95፣ 90፣ 60 እና 95 ፒኤስአይ አገኘ። ከዚያ "ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ" አለህ። የቮልስ ሞተር በአራት ቡሎን ስለሚወርድ "ይውረድ" ማለት ለጋራዥ ቀላል ነው። ከፋዩ ግን አንተ ነህ።

95ቱ አያስደንግጥህ። መመሪያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አልፋ ስለተቀመጠች አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ጌጁም በዚያው መጠን ዝቅ ይላል። ጅቡቲ ላይ 125 የሚያሳይ ሞተር እዚህ 95 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ሦስቱ ሲሊንደሮችህ ደህና ናቸው። ጉዳዩ ቁጥር 3 ላይ ነው።

ልኬቱን ግን ራስህ ቆመህ አስደግመው። ሞተሩ ይሙቅ፣ አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ የቦቢናው ሽቦ ይነቀል፣ አንድ ሰው ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ይርገጥ። ይሄኛውን ብዙ ጋራዥ ይዘለዋል። ባትሪው ደክሞ ሞተሪኖው ቀስ ብሎ ካዞረም ቁጥሩ ይዋሻል።

በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት ጠብ አድርጎ መለካት፣ ቁጥሩ ከጨመረ የፒስተኑ ቀለበት ነው የሚባለውን ብዙም አልወደውም። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ በቆመ ሞተር ላይ ጥሩ ነው። ቮልስ ላይ ሲሊንደሩ የተጋደመ ስለሆነ ዘይቱ ታች ይተኛል፣ የፒስተኑን ቀለበት ዙሪያውን አይደፍንም። "ቁጥሩ አልጨመረም፣ ስለዚህ ቀለበቱ ደህና ነው" ማለት አትችልም።

የሚሻለው ከጎሚስታ አየር መጠቀም ነው። የቁጥር 3ን ፒስተን ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው እስከ መጨረሻ የሚገፋበት ጫፍ ላይ አምጣው፣ 4ኛ ማርሽ አስገባ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ በካንዴላው ቀዳዳ አየር ስጠው። ከዚያ አዳምጥ። በማርሚታ በኩል ከተነፈሰ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ነው። በካርቡሬተር ከሆነ የማስገቢያው። ዘይት መሙያው ላይ በኃይል ከነፈሰ ቀለበት ነው፤ ያኔ መካኒኩ እውነቱን ነው። ሲሊንደሩና ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጥቁር ጥላሸት ካየህ ደግሞ ቴስታታው ላልቷል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጠዋት፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሆኖ፣ የቫልቭ ክፍተቱን (በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ብረት መካከል ያለውን) ለካ። የግራውን የቫልቭ ክዳን ክፈት። የቁጥር 3 የጭስ ማውጫ ቫልቭ ወደ መኪናው ፊት በኩል የመጨረሻው ነው። ቁጥር 1ን ሁለቱም ቫልቮቹ የተዘጉበት ጫፍ ላይ አድርገህ ፑሊውን አንድ ሙሉ ዙር ብታዞረው ቁጥር 3 ይመጣል። ክፍተቱ 0.15 ሚሊሜትር መሆን አለበት። እኔ በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ያየሁት ክፍተቱ ጭራሽ ጠፍቶ ነው። ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ኮምፕሬሽኑ ይወርዳል፣ ሚኒሞውም ይረበሻል።

ቁጥር 3 የሚጎዳበት ምክንያት አለው። እስከ 1970 ሞዴል (በፈረንጆች) ድረስ የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ወደዚያ ሲሊንደር የሚሄደው አየር መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። ሞተሩ ዙሪያ ያሉት ስስ ቆርቆሮዎችና ጎማዎች ከጎደሉ ደግሞ ይባስ። "ይሄ ጌጥ ነው" ብለው የሚጥሏቸው አሉ። ጌጥ አይደሉም፣ ያንተ ሞተር ውኃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በነሱ ነው። መኖራቸውን እይ።

ክፍተቱን 0.15 ላይ መልስና እንደገና ለካ። 60ው ወደ 90 ከተጠጋ ለጊዜው ተገላገልክ። ግን ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ነድተህ፣ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ድጋሚ እየው። እንደገና ጠቦ ካገኘኸው እያስተካከልክ አትንዳ። ወይ ቫልቩ እየተሳበ (እየረዘመ) ነው፣ ወይ መቀመጫው ተበልቷል። የሚሳብ ቫልቭ አንድ ቀን ጭንቅላቱ ይበጠስና ፒስተኑንም ቴስታታውንም ይዞ ይሄዳል። ያኔ ሙሉ ጥገናው እውነትም ይመጣል። በዚህ ደረጃ የግራው ቴስታታ ይፈታ፣ የጭስ ማውጫው ቫልቭ በአዲስ ይቀየር። አሮጌውን ፈጭተው ሊመልሱልህ ቢሉ እሺ አትበል፣ ብረቱ አንዴ ደክሟል።

ኮምፕሬሽኑ ተስተካክሎ ሚኒሞው አሁንም ከተንቀጠቀጠ ካንዴላዎቹን አውጥተህ እይ። አራቱም ጥቁር ጥላሸት ከሆኑ ካርቡሬተሩ ለዚህ ከፍታ ነዳጅ አብዝቶ ነው፣ አነስ ያለ ጂግለር (የነዳጅ ማሳለፊያ ቀዳዳ) ይፈልጋል። የፑንቲናውን (ብልጭታ የሚያስነሳውን መገናኛ) ክፍተትም 0.4 ሚሊሜትር ላይ አድርገው።