በረኪና በደንብ ከሸተተ ጀርሙ ሞቷል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። እናቴ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ሆስፒታል ተኝታለች፣ አስታማሚዋ እኔ ነኝ። ወለሉ በየጠዋቱ በበረኪና ሲወለወል ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ቤተሰብ ደግሞ «አልጋዋንና ኮመዲኖዋን አንቺም ደግመሽ በበረኪና ጥረጊ፣ ኢንፌክሽን እንዳይዛት» ይሉኛል። ልጥረግ? ሳኒታይዘርስ ይበቃል?

መልስ፦ እህታችን፣ እናትሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። ሽታው ምንም አይነግርሽም። በረኪና በደንብ የሚሠራው የጸዳ ነገር ላይ ነው። ደም፣ መግል ወይም የምግብ ፍርፋሪ ካለ ክሎሪኑ ጉልበቱን እዚያ ላይ ይጨርስና ጀርሙ ከሥር ይተርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ፣ ከዚያ በበረኪና። ብዙ ሰው ቀብቶ ወዲያው ያደርቀዋል፤ 10 ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ ይቆይ።

ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ 0.5 በመቶ ይሆናል። ይሄ ደም ለነካው ነው። ለኮመዲኖ 1 እጅ በ49 እጅ ውሃ ይበቃል። የተበጠበጠው አይደር፣ በየቀኑ አዲስ ይሁን። ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅዪው፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። በሃይላንድ ቀድተሽ አልጋ ሥር እንዳታስቀምጪም አደራ፣ ውሃ መስሎት የሚጠጣ አይጠፋም።

ከአልጋው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እጅ ነው። በ1847 ቪየና ውስጥ ሴሜልዋይስ የተባለ ሐኪም፣ ሐኪሞች ወላዶችን ከመመርመራቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አስገደደ፤ የእናቶቹ ሞት በጣም ቀነሰ። አሁንም ጀርም ከአልጋ አልጋ የሚዞረው በአብዛኛው በእጅ ነው። አልኮሉ ከ60 እስከ 80 በመቶ የሆነ ሳኒታይዘር ጥሩ ነው፣ ግን እጅሽ ላይ ቆሻሻ ከታየ ወይም ተቅማጥ ያለበት ሰው ከነካሽ አይበቃም፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል በሳሙና ታጠቢ።

ጠያቂ ነገር ደግሞ አለ። ዘመድ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ በአንዴ ስድስት ሰባት ሆኖ ይገባል፣ አልጋው ላይ ይቀመጣል፣ ይስማታል፣ ስፌቱን ልይ ይላል። ፍቅር ነው፣ ይገባኛል። አንቺ ግን በር ላይ ቆመሽ እጃቸውን አስታጥቢ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይግቡ፣ ፋሻውን ማንም አይንካ። ሌላ ታካሚ በነካ ጓንት ፋሻዋን ሊፈታ የመጣ ባለሙያ ካለም «እባክዎ ጓንቱን ይቀይሩልኝ» ማለት መብትሽ ነው፣ አትፈሪ። ስፌቱ ከቀላ፣ ከሞቀ፣ መግል ካወጣ ወይም ትኩሳት ከያዛት የሐኪሞቹን ራውንድ አትጠብቂ፣ ወዲያው ነርሷን ጥሪ።