«ደባል» እያሉ አራት ወር ያቃጠሉብኝ ሕክምና

«ከፍቅረኛዬ ከተለያየን ወዲህ ካልጠጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ እርዳታ እንዳልጠይቅ ደግሞ ሀበሻ ይሰማብኛል» ላልሽው እህቴ። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ ያው ነበርኩ። «ጠንከር በይ» የሚሉሽ ሳይቀድሙኝ የኔን ስሚ።

1. በራስሽ ድንገት አታቁሚ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ሊጥለው ይችላል። ጠዋት እጅሽ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ጋ።

2. መጠኑን አትሸውጂ። እዚህ አገር «አንድ መጠጥ» የሚሉት 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ወይን ነው። ለሴት በሳምንት 8 ከደረሰ እንደ ብዙ ይቆጠራል። እኔ «ሁለት ብርጭቆ» እል የነበረው በውሃ ብርጭቆ ሙሉ ነበር። አስቢው።

3. አስተርጓሚ። የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃል፣ ለለቅሶ ግን አይሆንም። ስለዚህ ለመጠጡ ምክር ፍለጋ ክሊኒክ ስሄድ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠየቅኩ። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። በስልክ አንድ ሰውዬ መጣ። «ፍቅረኛዬ ትታኝ ሄደች» አልኩ። በአማርኛ «ሄደች» ካልሽ አለቀ፣ መደበቂያ የለውም። ሰውዬው ትንሽ ዝም አለና በእንግሊዝኛ «ደባሏ ቤቱን ለቀቀች» ብሎ አስተላለፈው። ሰምቻለሁ! ግን ዝም አልኩ። ድምፁን የሆነ ለቅሶ ቤት የሰማሁት መሰለኝ።

በቃ፣ አራት ወር ሙሉ ስለ ቤት ኪራይ ተመከርኩ። አዲስ ደባል እንዴት እንደሚፈለግ የሚያስረዳ ወረቀት ሁሉ ሰጥተውኛል። በየሳምንቱ 40 ዶላር ከፍዬ እወጣና ወደ ቤት ስሄድ ወይን እገዛለሁ። አስተርጓሚ ቀይሩልኝ ስል እንግዳ መቀበያዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «አማርኛ ያው አማርኛ ነው» አለችኝ።

ሌላ ቦታ ሄድኩ። ስሜ እንዳይነገር፣ አስተርጓሚዋም ሴት እንድትሆን፣ ከሌላ ስቴት እንድትሆን ጠየቅኩ። ተደረገልኝ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሬ «የምወደው ሴት ነው» የሚል ነበር። አማካሪዋ እንደኔ ያሉ ሴቶች ከሌሎች ሴቶች ይበልጥ በመጠጥ እንደሚቸገሩ ጥናቶች ደጋግመው ማሳየታቸውን ነገረችኝ። ተፈጥሯችን ሆኖ አይደለም። የመደበቁ ሸክም፣ የቤተሰብ ፊት መንሳት፣ መገናኛችን ለረጅም ዘመን ባር ብቻ መሆኑ ነው። ኢላን ማየር የሚባል ተመራማሪ በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ይህን ጫና በሰፊው ጽፎበታል። እኔ ግን ጥናትም አላስፈለገኝ። ትንሽ ማስታወሻ ብይዝ ብዙ የምጠጣው እሁድ ሆኖ ተገኘ። እሁድ እማዬ የምትደውልበት ቀን ነው። «ባልስ?» ትላለች፣ ስልኩ ይዘጋል፣ ጠርሙሱ ይከፈታል። ከዜጎች ጋር (እንደኛ ያሉትን እንዲህ ነው የምንጠራቸው) ደግሞ ከባር ውጭ ቡና የጠጣሁበትን ቀን አላስታውስም ነበር።

ናልትሬክሶን የሚባል ክኒንም አዘዙልኝ። ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመጠጥ ችግር የተፈቀደ መድኃኒት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስሙን እንኳ አላነሱልኝም። ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለ) ያለበት የሕመም ማስታገሻ የምትወስጂ ከሆነ ግን ቀድመሽ ተናገሪ፣ አብረው አይሄዱም።

ሐሜቱን የፈራሽውን በተመለከተ፣ የሱስ ሕክምና መዝገብን የሚጠብቅ 42 ሲኤፍአር ፓርት 2 የሚባል የፌዴራል ደንብ አለ። ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ያለ ጽሑፍ ፈቃድሽ አይወጣም። በወላጆችሽ ኢንሹራንስ ውስጥ ካለሽ ግን ኢንሹራንሱ ስለ ሕክምናሽ የሚልከው ደብዳቤ እነሱ ቤት ሊሄድ ይችላል። ወደ ራስሽ አድራሻ እንዲላክ አሁኑኑ ጠይቂ።

እኔ መጠጥ ካቆምኩ 14 ወር ሆነኝ። ያ የመጀመሪያው ክሊኒክ ዛሬም «60 ዶላር ይቀርብሻል» እያለ ይጽፍልኛል። ከደባሌ ይጠይቁ።