ቀረጻ ሌላ፣ መድረክ ሌላ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የመጀመሪያ የፒያኖ አልበሜን ልቀርጽ ነው። ጓደኞቼ «ብትሳሳቺም ተቆርጦ ይስተካከላል፣ አይዞሽ» ይሉኛል። ይሄ ማጭበርበር አይደለም? ደግሞስ ቤት ውስጥ የማይሳሳቱት ጣቶቼ ማይክ ፊት ለምንድነው የሚተሳሰሩት?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ! ጓደኞችሽ እውነታቸውን ነው፣ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል። ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ካናዳዊውን ፒያኖ ተጫዋች ግሌን ጉልድን እይው። እ.ኤ.አ. በ1964፣ ገና በ31 ዓመቱ፣ ኮንሰርት በቃኝ ብሎ ስቱዲዮ ገባ፣ ገብቶም ቀረ። አንዴ የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባህን የኤ ማይነር ፉጋ (አንድ ዜማ በየተራ እየገባ የሚደራረብበት ሥራ) ሲቀርጽ ስድስተኛውና ስምንተኛው ቅጂ ሁለቱም እንከን አልነበራቸውም። ግን አንዱ ኮስተር ያለ፣ ሌላው ቅብጥብጥ ያለ ነበርና ለየብቻ ሲሰሙ ያሰለቻሉ። ስለዚህ መግቢያና መጨረሻውን ከኮስታራው፣ መሃሉን ከቅብጥብጡ ወስዶ ገጠማቸው። እዚህ ላይ የተደበቀ ስህተት የለም። የገጠሙለት ደግሞ ሁለቱንም በተቀራራቢ ፍጥነት ስለተጫወታቸው ነው።

ይቺን ያዢልኝ፣ «ይስተካከላል» ባዮቹ የማይነግሩሽ እሷን ነው። ፍጥነትሽ ከቅጂ ቅጂ ከተዋዠቀ የትኛውም ባለሙያ አይገጥምልሽም። ፔዳሉም (ድምፁን የሚያቆየው የእግር መርገጫ) እንደዚያው። ልክ ከተሳሳትሽበት ኖታ ብትጀምሪ ከበፊቱ የሚተርፈው ድምፅ አይኖርም፣ ጆሮ ወዲያው ይነቃል። ሁለት ሦስት ባር (በኖታው ላይ በመስመር የተለዩትን ክፍሎች) ወደኋላ ተመልሰሽ ጀምሪ፣ ስህተቱንም አልፈሽ ትንሽ ሂጂ። መጀመሪያ ግን ሙሉውን ደጋግመሽ ተጫወቺ፤ በቁርጥራጭ የተጀመረ ሥራ ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የሚሰማው።

ጣትሽ የሚተሳሰረው ማይኩ ቤት ውስጥ የማታስተውይውን ሁሉ ስለሚሰማ ይመስለኛል። የወንበሩ ሲጥሲጥታ፣ የፔዳሉ ኳ ማለት፣ ቁልፉን የሚነካው ጥፍር፣ ትንፋሽሽ። ግማሽ ሐሳብሽ እነሱን ሲጠብቅ ለሙዚቃው ምን ይተርፋል? (ጉልድ እየተጫወተ ያንጎራጉር ነበር፣ ቅጂዎቹ ላይ ይሰማል። እሱን የቻሉት ጉልድ ስለሆነ ነው።) ጥፍርሽን ቁረጪ፣ ወንበሩን ቀድመሽ ፈትሺ፣ የቆመበትን ወለል ላይ በቴፕ ምልክት አድርጊበት። ወንበርና ማይክ ከተነቃነቁ የጠዋቱ ቅጂ ከከሰዓቱ ጋር አይስማማም። ፒያኖ የሚቃኘው ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ አጠገብሽ ይሁን። ክሮቹ ሰዓታት ሲደበደቡና ክፍሉ ሲሞቅ ቅኝቱ ይላላል፣ ያኔ ደግሞ ምንም ኤዲቲንግ አያድንሽም።

ገንዘቡን አልጠየቅሽም እንጂ፣ ቀረጻ ብቻውን እንጀራ የሚሆናቸው ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹን የያዛቸው ማስተማርና ሌላውን ማጀብ ነው።

ጥያቄ (ከሌላ ጠያቂ)፦ ቫዮሊን ተጫዋች የራሱን ይዞ ይመጣል። እኔ ግን ኮንሰርት ባለኝ ቁጥር የማላውቀው ፒያኖ ነው የሚጠብቀኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ዝነኛው ፒያኖ ተጫዋች ሆሮዊትዝ የራሱን ፒያኖ አስጭኖ ይዞር ነበር፤ እኔና አንተ ያው የተሰጠንን ነው። የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹን ኪት ጃሬትን እ.ኤ.አ. በ1975 ጀርመን፣ ኮሎኝ ላይ የጠበቀው ትንሽ የልምምድ ፒያኖ ነበር። ላይኛው ድምፅ ቀጭን፣ ቤሱ (ወፍራሙ ድምፅ) ደካማ፣ ፔዳሉም አስቸጋሪ። እሱ መሃል መሃሉን ይዞ ግራ እጁን እየደጋገመ ተጫወተ፣ ቅጂውም በሽያጭ ዝነኛ ሆነ። ግን እሱ እዚያው እየፈጠረ ነበር፣ አንተ ኖታህ የተጻፈ ነው።

ስለዚህ ልምምድ የሚሰጡህን ጥቂት ደቂቃ ጮክ ባለው ክፍል አታባክነው። በጣም ለስላሳውን ሞክር፣ ፒያኖ የሚያሳፍረው እዚያ ነው። ፔዳሉ ስንት ሲወርድ እንደሚይዝ እወቅ። በባዶ አዳራሽ ማሚቶ እንዳትታለል፣ ሰው ሲሞላ ድምፁን ይውጠዋል። ጓደኛህን ከኋላ ወንበር አስቀምጥና ቤሱ ዜማውን ይሸፍነው እንደሆነ ይንገርህ፤ ካንተ ወንበር ላይ ሆነህ አታውቀውም።