የድሮ ቤትሽን በከተማው ቅርስነት ከማስመዝገብሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን በደንብ አነበብኩት። አሜሪካ ውስጥ በ1920ዎቹ የተሠራ ቤት ገዝታችኋል። ጎረቤታችሁ ደግሞ «ይህ ቤት በከተማው ታሪካዊ ቅርስነት መመዝገብ አለበት» ትላለች። አንቺም «ካስመዘገብኩት በገዛ ቤቴ ላይ ማዘዝ ላልችል ነው? ጥቅሙስ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ የራሴን ቤት አስመዝግቤያለሁ። ከዚያ ወዲህም የሌሎች ሰዎችን ማመልከቻ ሳግዝ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ሁለት የተለያዩ መዝገቦች እንዳሉ እወቂ። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። አንዱ በ1966 በወጣው የፌዴራል ሕግ የመጣው የአገር አቀፍ ታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ነው። ክብሩ ትልቅ ነው። ነገር ግን የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ እስካልገባበት ድረስ ቤትሽን ብታፈርሺው እንኳ እሱ አያስቆምሽም። ሁለተኛው የከተማው ወይም የካውንቲው መዝገብ ነው። ስሙ አነስ ያለ ይመስላል፤ ጉልበት ያለው ግን እሱ ነው። ከተማው በራሱ ደንብ ስለሚያስከብረው ማፍረስንም ሆነ የውጭ ገጽታን መለወጥን ሊከለክል ይችላል። በር አጠገብ የምትለጠፈው የነሐስ ሰሌዳ ብቻዋን ምንም ጥበቃ አትሰጥም። ሰሌዳ ያለበት ቤት ሲፈርስ ስላየሁ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

«የግል ንብረቴ ላይ ከተማው ምን አገባው?» የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። በደቡብ ካሮላይና ግዛት ያለችው ቻርለስተን ከተማ በ1931 አንድን ሰፈር በሙሉ በደንብ መጠበቅ ጀመረች። ኒው ዮርክ ላይ ደግሞ ያ ግዙፍ የፔንስልቬንያ ባቡር ጣቢያ በ1963 መፍረስ ሲጀምር ሕዝቡ ተቆጣ። ከተማው የቅርስ ሕጉን በ1965 አወጣ። እዚያው ኒው ዮርክ ያለው የግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ባለቤቶች በዚያ ሕግ ላይ ክስ መሥርተው ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1978 ለከተማው ፈረደ። ባለቤቱ ከንብረቱ ተገቢውን ጥቅም ማግኘት እስከቻለ ድረስ እንዲህ ያለው ገደብ ንብረት እንደመውሰድ አይቆጠርም ማለት ነው።

አሁን ወደ ስጋትሽ ልምጣ። በአብዛኞቹ ከተሞች ደንቡ የሚመለከተው ከውጭ የሚታየውን ነው። ወጥ ቤትሽን፣ መታጠቢያ ቤትሽን፣ የውስጥ ግድግዳሽን እንደፈለግሽ ታድሻለሽ። በረንዳውን፣ ጣሪያውን፣ መስኮቱን ወይም የውጭ ግድግዳውን ለመለወጥ ስታስቢ ግን ከተለመደው የግንባታ ፈቃድ ሌላ የቅርስ ኮሚሽኑን፣ ማለትም ከተማው ቅርሶችን እንዲመለከት ያቋቋመውን ቡድን፣ ማረጋገጫ ትጠይቂያለሽ። የቀለም ነገር ከከተማ ከተማ ይለያያል። አንዳንዱ ጭራሽ አይጠይቅም፣ አንዳንዱ ይጠይቃል። ተራ ጥገና አብዛኛውን ጊዜ ያለ ስብሰባ በቢሮው ባለሙያ ብቻ ያልቃል።

ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው በመስኮት ነው። የመስኮት ሻጮች «የድሮው ይጣል፣ አዲሱ ኃይል ይቆጥባል» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የዚያን ዘመን መስኮት የተሠራው ቀስ ብሎ ካደገ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ነው። የበሰበሰው ክፍል ብቻ ተቆርጦ ይጠገናል፣ የተሰበረው መስታወት ብቻ ይቀየራል። የዛሬው ባለ ድርብ መስታወት ፕላስቲክ መስኮት ግን ማሸጊያው ከለቀቀ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉው ነው የሚጣለው። በድሮው ላይ ተጨማሪ የውጭ መስኮት ብታስገቢና ንፋስ የሚገባበትን ብትደፍኚ ብርዱን በደንብ ይቀንሳል። የጡብ ቤት ከሆነም አደራ! ጡቡ ለስላሳ የድሮ ጡብ ሆኖ የተያያዘው በኖራ ከሆነ፣ ማንም ግንበኛ በጠንካራ ሲሚንቶ እንዳይሞላልሽ። ኖራ እርጥበትን ያስወጣል። ሲሚንቶው ሲያፍነው ውሃው በጡቡ በኩል መውጫ ይፈልጋል፤ በብርዱ ወቅት ወደ በረዶ ይለወጥና የጡቡን ፊት ይልጠዋል። ይህን ቤቱ ቢመዘገብም ባይመዘገብም አትርሺው።

ስለ ገንዘብ አጭር ነገር ልበል። በፌዴራል ደረጃ የሚሰጠው የ20 በመቶ የታክስ ቅናሽ ገቢ ለሚያስገኙ ሕንጻዎች እንጂ ለምትኖሪበት ቤት አይደለም። አንዳንድ ግዛቶችና ከተሞች የራሳቸው ማበረታቻ አላቸው። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ከ1972 ጀምሮ ባለ ቤቱ ለመጠበቅ ውል ሲገባ የንብረት ግብሩ እንዲቀንስ የሚፈቅድ ሕግ አላት። የአንቺ ከተማ ምን እንደሚሰጥ ሳታረጋግጪ በተስፋ ብቻ አትግቢበት። ምዝገባው ቤቱ ሲሸጥም አብሮት ይሄዳል። ይህንንም ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሩበት።

ማመልከቻውን የሚጥለው ወይም የሚያሳልፈው አንድ ነገር ነው፦ ቤቱ ለምን ለከተማው እንደሚጠቅም በማስረጃ መናገር። «መቶ ዓመት ሞልቶታል» አይበቃም። ዕድሜ በሩን ይከፍታል እንጂ አያስገባም። በብዙ ቦታ መነሻው 50 ዓመት ነው፤ ኒው ዮርክ 30፣ ሲያትል 25 ይጠይቃሉ። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ከአንድ ክስተት፣ ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ የአሠራር ዘይቤ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ቤቱ መልኩን መጠበቁም ይመዘናል፦ ቦታው፣ ንድፉ፣ አካባቢው፣ ቁሳቁሱ፣ የእጅ ሥራው፣ የሚሰጠው ስሜት፣ ከታሪኩ ጋር ያለው ትስስር።

እኔ የወደድኩት ሥራ ማስረጃ ፍለጋውን ነው። ከባለቤትነት ሰነዶች ጀምሪ፤ ከአሁኑ ሻጭ ወደ ኋላ አንድ በአንድ ሂጂ። ቀጥሎ የሳንቦርን የእሳት ኢንሹራንስ ካርታዎችን ፈልጊ፤ ሳንቦርን የሚባል ኩባንያ ለኢንሹራንስ ድርጅቶች የሠራቸው፣ እያንዳንዱን ሕንጻ የሚያሳዩ የከተማ ካርታዎች ናቸው። ኩባንያው በ1867 የጀመረው ሥራ ነው፣ ብዙዎቹን ካርታዎች የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነጻ በኢንተርኔት አስቀምጧል። ሮዝ ቀለም የጡብ ቤት ነው፣ ቢጫው የእንጨት። የቤትሽን ቅርጽ ከዓመት ዓመት ስታነጻጽሪ በረንዳው መቼ እንደተጨመረ ታያለሽ። የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ከ72 ዓመት በኋላ ይከፈታል፤ የ1950ው በ2022 ተከፍቷል። ማን ይኖር እንደነበር፣ ምን ይሠራ እንደነበር ታገኚዋለሽ። ጎረቤትሽ «ይሄ እኮ ከሲርስ ካታሎግ ታዝዞ የመጣ ቤት ነው» ካለችሽ ዝም ብለሽ አትጻፊው። ሲርስ በካታሎግ ዕቃ የሚሸጥ ትልቅ ድርጅት ነበር፤ እነዚህን ቤቶች የሸጠው ከ1908 እስከ 1940 ነው። ምድር ቤት ወይም ኮርኒስ ውስጥ ገብተሽ በእንጨቶቹ ላይ የታተመ ፊደልና ቁጥር ፈልጊ።

አንድ ነገር ላዘጋጅሽ። የድሮ ሰነድ ውስጥ «ይህ ቤት ለጥቁር ሰው አይሸጥም፣ አይከራይም» የሚል አንቀጽ ልታገኚ ትችያለሽ። በኔ ቤት ሰነድ ውስጥ አለ። ሳነበው ደሜ ፈላ። እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤት እንዳያስፈጽም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው በ1948 ነው። በቤት ሽያጭና ኪራይ የዘር መድልዎ በሕግ የተከለከለው ደግሞ በ1968። አንዳንድ ሰው «ይህን አታውጪው፣ ማመልከቻውን ያበላሻል» ይልሻል። እኔ ግን አውጪው ነው የምልሽ። ማን እንዳይገባበት ተከልክሎ እንደነበርና ዛሬ ማን እንደሚኖርበት የዚያ ቤት ታሪክ ነው፤ ከጣሪያው ዘይቤ አያንስም። እኔ በማመልከቻዬ ውስጥ ከነ ሰነዱ ቁጥር አስገብቼዋለሁ። በስብሰባው ላይ ኮሚሽነሮቹ ብዙ የጠየቁኝም ስለዚያ ነበር።

ሂደቱ ራሱ ያን ያህል አያስፈራም። ማመልከቻ ታስገቢያለሽ፣ ባለሙያ ያየዋል፣ ኮሚሽኑ ሕዝብ ባለበት ስብሰባ ይሰማል፣ በብዙ ከተማ ደግሞ የመጨረሻው ድምፅ የከተማው ምክር ቤት ነው። ማመልከቻውን ከማስገባትሽ በፊት የከተማውን የቅርስ ባለሙያ ደውለሽ አነጋግሪ። የጎደለውን ቀድመው ይነግሩሻል። ለስብሰባው ጎረቤቶችሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ያቺ ጎረቤትሽ ከነገረችሽ በላይ የምታውቀው ሳይኖር አይቀርም፣ እንድትናገር ጠይቂያት። የጣሪያ ወይም የመስኮት ሥራ አሁኑኑ ካስቸኮለሽ ደግሞ ባለሙያውን ስታነጋግሪ ስለ እሱም አንሺ፤ በአንዳንድ ከተማ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ለውጥ ማድረግ ይታገዳል።

የከተማሽን የቅርስ ደንብ አግኝተሽ እዚህ ለጥፊው። ባለቤቱ ካልፈቀደ መመዝገብ ይቻላል ወይ የሚለውንና ምዝገባውን መሰረዝ ይቻላል ወይ የሚለውን አንቀጽ አብረን እናነበዋለን።