«ማስክ ያደረገ አላመነም» ይሉኛል

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በመዘምራን ውስጥ አገለግላለሁ። የኮሮና ወረርሽኝ ከገባ ወዲህ የማስቀድሰው ማስክ አድርጌ፣ ከሰው ራቅ ብዬ ነው። አብረውኝ የሚያገለግሉ ግን «በእግዚአብሔር ቤት በሽታ አይዝም፤ ማስክ ያደረገ አላመነም» ይሉኛል። ቤት ውስጥ የታመሙ እናት አሉኝ። እምነቴ ጎድሎ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ እምነትሽ አልጎደለም። ልብሽ እንዲያርፍ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ።

የጓደኞችሽን ቃል ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። አብዛኞቹ ቤተ ክርስቲያንን ከልባቸው የሚወዱ ስለሆኑ ነገሩን በቀላሉ ማለፍ አልችልም። የተሳሳቱት ሁለት ነገሮችን አንድ በማድረጋቸው ነው። የቤተ መቅደሱ ቅድስና አንድ ነገር ነው፤ እኛ ይዘነው የምንገባው ሥጋ ግን ሌላ ነው። ቤቱ ቅዱስ ስለመሆኑ አንከራከርም። ሆኖም በቅዳሴ መካከል የሚደክመው ይደክመዋል፣ የሚያስለውም ያስለዋል፤ ያን ጊዜ «አላመነም» ብሎ የፈረደበት ሰው አላየሁም።

ቅዱስ ጳውሎስን ተመልከቺ። ከአካሉ የተወሰደ ጨርቅ ሕሙማንን ይፈውስ ነበር (ሐዋ. 19፥12)። ይኸው ሐዋርያ ግን ልጁን ጢሞቴዎስን «ስለ ሆድህና ስለ በሽታህ ብዛት ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ» አለው (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ጥሮፊሞስንም ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄደ (2ኛ ጢሞ. 4፥20)። «እመን እንጂ፣ ወይን ጠጅ ምን ያደርግልሃል?» አላለም። ጢሞቴዎስም በታመመ ጊዜ ከሃዲ አልተባለም።

ጓደኞችሽ መዝሙር 90ን ሳይጠቅሱልሽ አልቀሩም፦ «መቅሠፍትም ወደ ቤትህ አይገባም።» እውነተኛ ቃል ነው፤ እኔም በየዕለቱ እጸልየዋለሁ። ነገር ግን ዲያብሎስ ጌታን ሲፈትነው የጠቀሰው ይህንኑ መዝሙር እንደነበር አስተውዪ። የቆሙትም በገበያ ሳይሆን በመቅደስ ጫፍ ላይ ነበር። «ራስህን ወደ ታች ወርውር፣ መላእክት ያነሡሃል» አለው። ጌታም «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰለት (ማቴ. 4፥5-7)። በመቅደስ ጫፍ ላይ ቆሞም እግዚአብሔርን መፈታተን አለና መፍራት ያለብን ይህንን ነው።

አንቺ ዘማሪ ስለሆንሽ ደግሞ ይህን እወቂ። የኮሮና ቫይረስ በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ድምፅን ከፍ አድርጎ መዘመር ከተራ ንግግር ይልቅ ብዙ ቅንጣቶችን ወደ አየር ያወጣል። የያዘውም ሰው ምልክቱ ሳይታይበት ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት 61 መዘምራን ለሁለት ሰዓት ተኩል ልምምድ ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው አንድ ሰው ጉንፋን የመሰለ ሕመም ነበረው። በምርመራ የተረጋገጠውና በምልክት የተለየው ተደምሮ 53ቱ ታመሙ፤ ከእነርሱም ሁለት ሰዎች ሞቱ። እነዚያ ሰዎች ለመዘመር እንጂ ለሌላ አልመጡም ነበር።

ስለዚህ ማስኩ በዋነኛነት ካንቺ አፍ የሚወጣው ወደ ባልንጀራሽ እንዳይደርስ የሚከለክል ነው። አንቺንም በመጠኑ ይጠብቅሻል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን አጠገብሽ የሚቆሙት አረጋዊ ናቸው።

አንዳንዶች በሦስተኛው መቶ ዓመት ቸነፈር በገባ ጊዜ የእስክንድርያ ክርስቲያኖች ያደረጉትን ያነሡብኛል። እውነት ነው፤ ፓትርያርኩ ዲዮናስዮስ በደብዳቤው እንደ መሰከረው፣ ሕሙማንን ሳይሸሹ አስታመሙ፤ ብዙዎቹም አብረው ሞቱ። እኔ ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ነገር ግን እነዚያ ለታመመው ሲሉ የገዛ ነፍሳቸውን ሰጡ። እኛ ግን «ደፋር አማኝ» ለመባል የደካማውን ነፍስ አሳልፈን ልንሰጥ ነው! በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ጌታችን መባውን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ሂድና ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል (ማቴ. 5፥24)። ለወንድም ሲባል መባ እንኳ የሚቆይ ከሆነ፣ ለወንድም ሲባል ሁለት ክንድ መራቅ ምን ይከብዳል?

አደራ የምልሽም አለ። ከዚያው ከዲዮናስዮስ እንደምንማረው፣ በስደቱ ዘመን ሜዳው፣ በረሃው፣ መርከቡና እስር ቤቱ ሁሉ የበዓል ማክበሪያ ሆኖላቸው ነበር። በቤት መጸለይ የተገባ ነው፤ የታመመ፣ ትኩሳት የተሰማው ቤቱ ይቆይ፤ ኃጢአት አይሆንበትም። ጤና እያለው መንገዱም ተከፍቶለት «ቤቴ ይበቃኛል» ማለት የለመደ ግን «መሰብሰባችንን አንተው» የሚለውን ቃል (ዕብ. 10፥25) ያስብ። ወረርሽኙ ለስንፍና ፈቃድ አልሰጠንም።

ለአገልግሎታችሁ ኃላፊ በትሕትና ንገሪው፦ ልምምዱ ከቤት ውጭ ይሁን፤ ካልተቻለ መስኮትና በሩ ይከፈት፣ ሰዓቱም ይጠር። ማስኩ አገጭ ላይ እንዳይንጠለጠል፣ አፍንጫን ይሸፍን። መስቀል ለመሳለም አትጋፊ፤ ካህኑ ከሩቅ ሲባርኩ ራስሽን ዝቅ አድርገሽ ተቀበዪ፤ በረከቱ አይቀንስብሽም። ጓደኞችሽን አትሟገቻቸው፤ የእናትሽን ነገር ብቻ ንገሪያቸው። ለንስሐ አባትሽም የእናትሽን ሁኔታ አስረጂያቸውና ቤት መጥተው እንዲጸልዩላቸው ለምኚያቸው።

እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። የክርስትና ስማቸውን ላኪልኝ፤ በጸሎት አስባቸዋለሁ።